የተተካው ልጅ፦ ስድስት ቀን በአክራ

ሰኞ

አክራ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ገና የአውሮፕላኑ በር ላይ ሳለሁ እርጥብ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ኤርፖርቱ ውስጥ «አክዋባ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ። በትዊ ቋንቋ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለት ነው። ሹፌሩ ሻንጣዬን እየጫነ «ትዊ የአካኖች ነው፤ አክራ ግን የጋዎች ከተማ ናት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጆሮዬን ከፍቼ ነው የምሄደው። አንድ መንገድ ላይ ጋ፣ ትዊ፣ ኤዌ፣ ሃውሳና እንግሊዝኛ ይሰማል።

የመጣሁት በአንድ ቃል ምክንያት ነው። ክዋሽዮርኮር።

የሥነ ምግብ ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕፃን። ፀጉሩ የሳሳና የገረጣ። ቆዳው እንደ አሮጌ የግድግዳ ቀለም የሚላጥ። ምንም ነገር የማያጓጓው፣ መጫወቻ ቢሰጡት የማይዘው። ተማሪ እያለሁ ቃሉ ላቲን ይመስለኝ ነበር። የጋ ቃል ነው። በግርድፉ «ታናሽ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ» ማለት ነው። ጡቱን ለታናሹ የለቀቀ፣ ከቦታው የተነሳ ልጅ በሽታ።

ቃሉን ለዓለም ሕክምና ያደረሰችው ሲሲሊ ዊሊያምስ ናት። ጃማይካ ተወልዳ ኦክስፎርድ የተማረች ሐኪም። እ.ኤ.አ. በ1929 ጎልድ ኮስት ወደምትባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ ወደ ዛሬዋ ጋና መጣች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እዚህ አክራ፣ የልዕልት ማሪ ሉዊዝ የሕፃናት ሆስፒታል ስትሠራ እነዚህን ያበጡ ልጆች አየች። በ1933 በጽሑፍ አወጣችው። አንዳንድ የዘመኑ ሐኪሞች «ይህማ ፔላግራ ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም» ብለው ተከራከሯት። ፔላግራ በቫይታሚን እጥረት የሚመጣ፣ ቆዳንም የሚያበላሽ በሽታ ነው። እሷ ግን በ1935 ላንሴት መጽሔት ላይ እንደገና ጻፈች። ይሄኔ ጽሑፉን በአገሬው ስም ጠራችው።

እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። ያን ጊዜ የቅኝ ገዢ ሐኪም የጥቁር እናቶችን ቃል ወስዶ የሕክምና መጽሔት ርዕስ ላይ አያስቀምጥም። እሷ አስቀመጠች። ስሙ ውስጥ ምክንያቱ እንዳለ ገብቷት ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ጄምስታውን ወረድን። አብራኝ ያለችው እዚሁ አክራ የምትሠራ የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት። የተዋወቅነው ስብሰባ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንጻጻፍ ቆይተናል። የባሕር መብራቱ ማማ ሥር ቆመን ወደ ዳርቻው ተመለከትን። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀቡ ረጃጅም የእንጨት ጀልባዎች። ሁሉም አሸዋ ላይ ናቸው። ወንዶቹ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው» አለችኝ። በጋዎች ዘንድ ማክሰኞ የባሕሩ ቀን ነው። ባሕሩ ያርፋል። ዓሣ አይጠመድም።

ቦርሳዬ ውስጥ የምክር ካርድ ይዣለሁ። ለዓመታት የተጠቀምኩበት ነው። አንዱ መስመር «በየቀኑ ትኩስ ዓሣ» ይላል። እዚያው ቆሜ አወጣሁትና አነበብኩት። አንዲት ባለሙያ ይህን ካርድ ይዛ እዚህ ሰፈር ብትመጣ እናቶቹ በትሕትና ይሰሟታል። በልባቸው ግን «ይቺ ሴት አታውቀንም» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ትክክል ብትናገርም ማን ይሰማታል?

ከጄምስታውን ወደ ምዕራብ ቾርኮር የሚባል የዓሣ አጥማጆች ሰፈር አለ። ከሰዓት እዚያ ሄድን። ጭሱ ከሩቅ ዓይን ያቃጥላል። ሴቶቹ ዓሣ የሚያጨሱበት ምድጃ የሰፈሩን ስም ይዞ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይታወቃል። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ከጋና የምግብ ምርምር ተቋም ጋር ሆኖ ነው የሠራው። አራት ማዕዘን ምድጃ ነው። ከላዩ የሽቦ ወንፊት የተወጠረባቸው የእንጨት ትሪዎች ይደረደራሉ። አንዲት ሴት ስትሠራ ቆሜ አየሁ። ትንንሾቹን ዓሣዎች አንድ በአንድ ትደረድራለች፤ ጭንቅላት ከጭንቅላት፣ ጅራት ከጅራት። ትንሽ ቆይታ የታችኛውን ትሪ አውጥታ ላይ ታደርገዋለች። የላይኛውን ታወርዳለች። እጇ ከእሳቱ አይሸሽም።

ምሳ ኬንኬ በላን። የበቆሎ ሊጥ ቦክቶ፣ በበቆሎ ልጣጭ ተጠቅልሎ ይቀቀላል። ከተጠበሰ ዓሣና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር በእጅ ይበላል። ጋዎች ሆሞዎ የሚባል ዓመታዊ በዓል አላቸው። ትርጉሙ «ረሃብን መሳለቅ» ማለት ነው አሉኝ። ረሃብን በስሙ ጠርቶ የሚስቅበትን ሕዝብ ስለ ምግብ ላስተምር ስመጣ መጀመሪያ ዝም ብዬ መስማት አለብኝ።

ረቡዕ

ይህን ቀን በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

በጠዋት ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄድን። የሕፃናት ክትትል ቀን ነው። እናቶቹ በእንግሊዝኛው ቃል «ዌይንግ» ይሉታል፤ መመዘን። «ወደ ዌይንግ እየሄድኩ ነው» ይባላል። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል። ልጆቹ በየጀርባው ታዝለዋል። አንዲት ነርስ መሐል ቆማ ስለ ጡት ማጥባት ዘፈን ታስዘፍናለች፤ እናቶቹ እያጨበጨቡ ይቀበሏታል።

ከእናቶቹ አንዷ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ጭኗ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ወር ወንድ ልጅ አለ። ጀርባዋ ላይ ደግሞ ሌላ ጨቅላ ታዝሏል። ትልቁ ልጅ ዝም ብሏል። እንደ ሌሎቹ አያለቅስም፣ አይቁለጨለጭም። የክንዱን ዙሪያ በመለኪያው ጥብጣብ ለካን፤ 12.1 ሴንቲ ሜትር። ጥብጣቡ ብቻውን ቢሆን መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው የሚለው፤ ከባድ የሚባለው ከ11.5 በታች ሲሆን ነው። ባልደረባዬ ግን ሁለቱንም እግሮቹን ያዘች። በአውራ ጣቶቿ ጫን ብላ ሦስት ሰከንድ ቆጠረች። ስትለቅ ሁለቱም እግሮች ላይ የጣቷ ጉድጓድ ቀረ። እንዲህ ሁለቱም እግር ላይ የሚቀር ጉድጓድ፣ የክንዱ ልክ ምንም ይሁን፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነው።

ባልደረባዬ «ልምድሽን አካፍይን» አለችኝ። እኔ በእንግሊዝኛ ልናገር፣ አንዲት ወጣት ነርስ ወደ ጋ ልትተረጉም።

ያደረግኩትን እንዳለ ልጻፈው። መጀመሪያ ወደ ነርሷ ዞርኩ። እናትየዋን አላየኋትም። ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ኃይል ሰጪ ምግብ፣ ስለ ተመጣጠነ ገበታ ሦስት ደቂቃ ያህል ሳላቋርጥ ተናገርኩ። ነርሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራ ጨረሰች። እናትየዋ «ዮ» አለች። ቀጠልኩ። «ዮ» አለች። የምክር ካርዱን አወጣሁና ሰጠኋት። በግራ እጄ ነበር። እናትየዋ ካርዱን አየችው እንጂ ወዲያው አልተቀበለችም። እዚህ አገር በግራ እጅ መስጠት ትልቅ ንቀት ነው። ይህን አንብቤ አውቀዋለሁ። ማወቄ በዚያች ደቂቃ አልረዳኝም።

ክፍሉ ጥግ ላይ አንቲ የሚሏት ነርስ ተቀምጣለች። ጡረታ ሊወጡ ከተቃረቡት ናት። ተነስታ መጣች። ወንበሯን ከእናትየዋ ጎን አደረገች፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን። ከተቀመጠች በኋላ መጀመሪያ ሰላምታ ሰጠቻት። ረጅም ሰላምታ ነው። ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ሥራዋ። ከዚያ ዝም አለች። እኔ ዝምታው ረዘመብኝ። እሷን አልረዘመባትም።

ቆይታ በጋ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። ወጣቷ ነርስ በጆሮዬ ተረጎመችልኝ። «ቤት ውስጥ ይህን ነገር ምን ትሉታላችሁ?»

እናትየዋ አልመለሰችም። አንገቷን ደፋች። እጇ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ጀርባዋ ላይ የታዘለውን ጨቅላ ደገፈ።

መልሱ ይኸው ነበር። ስገባ ያየሁት ልጅ ነው። አይቼው አላነበብኩትም።

በኋላ ታሪኩ ወጣ። ልጁ ስምንት ወር ገደማ ሲሆነው እንደገና አረገዘች። የነፍሰ ጡር ወተት ልጅ ያሳምማል ተብሎ ጡት ተወ። ከዚያ አያትየው ኮኮ ይመግቡታል፤ የቦካ የበቆሎ ገንፎ፣ ቀጠን ያለ፣ ስኳር የገባበት። እግሩ ሲያብጥ «ወፈረ» ብለው ደስ ብሏቸው ነበር።

እናቶቹ ከሄዱ በኋላ አንቲን «ለምን ስሙን አንቺው አልነገርሻትም?» አልኳት። «ለአንቺ የበሽታ ስም ነው» አለችኝ። «እሷ ግን የጋ ቋንቋ ትሰማለች። እኔ ያን ቃል ሰው ፊት ብናገር፣ ቶሎ አርግዘሽ ልጅሽን ጎዳሽ ብዬ መክሰሴ ነው። እሷ ራሷ ስትናገረው ሌላ ነው። ያኔ ሐዘኗን ትነግረኛለች።»

ስለ «ዮ» ጠየቅኳት። «ሰምቻለሁ ማለት ነው። አደርገዋለሁ አላለችሽም።»

ልጁ በፓኬት የሚሰጠውን የኦቾሎኒ ቅቤ ምግብ፣ ፕላምፒናት የምንለውን ዓይነት፣ ለሙከራ ሲሰጡት ፊቱን አዞረ። የምግብ ፍላጎት ከሌለው ቤት ሆኖ መታከም አይችልም። ሆስፒታል ተኛ።

ሐሙስ

ሲዘንብ ዋለ። አልወጣሁም። ማስታወሻዬን አስተካከልኩ፤ ስለ ቃሉም ሳስብ ዋልኩ።

ቃሉ ከአክራ ከወጣ በኋላ የሆነው ያሳዝናል። በ1950ዎቹ ዓለም ክዋሽዮርኮርን ወስዶ «የፕሮቲን እጥረት» ብሎ ተረጎመው። ለሃያ ዓመት ያህል ገንዘቡም ምርምሩም ወደ ፕሮቲን ዱቄት ሄደ። በ1974 ዶናልድ ማክላረን እዚያው ላንሴት ላይ ይህን ሁሉ «ታላቁ የፕሮቲን ውድቀት» ብሎ ተቸው። በ2013 ደግሞ ማላዊ ውስጥ አንድ ቤት አድገው ተመሳሳይ ምግብ የሚበሉ መንትዮች ሲጠኑ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ደህና የሆነበት ነበር። የአንጀት ተህዋስያንም ድርሻ እንዳላቸው ታየ። ነገሩ እስከ ዛሬ ተፈትቶ አላለቀም።

የጋ እናቶች ግን ስለ ፕሮቲን አላወሩም። ያወሩት ስለ ቤቱ ነው። ማን ተወለደ፣ ማን ጡት ተወ፣ ማን ለማን ተሰጠ። ሳይንሱ ቃሉን ሲወስድ ታሪኩን እዚህ ትቶት ሄደ። በእኔ እምነት የትኛውም የምግብ ምክር የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው።

ዓርብ

ከአንቲ ጋር ወደ ቾርኮር፣ ወደ ልጁ አያት ቤት ሄድን። መንገድ ላይ ትሮትሮ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ ስለ አስራም ነገረችኝ። በመሐል አገር በአካኖች አካባቢ የሚታወቅ የጨቅላ ሕፃን ሕመም ነው። ልጁ ይከሳል፣ ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ደም ሥር ይታይበታል ይባላል። ነፍሰ ጡሯ ሰው በሚበዛበት ስትሄድ በክፉ ዓይን እንደሚመጣም ይነገራል። ሰዉ «የሆስፒታል በሽታ አይደለም» ነው የሚለው፤ መርፌ ከተወጋ ይሞታል ብለው የሚያምኑ አሉ።

«እናትየዋ አስራም ነው ብላ ታስባለች፤ አንቺ ክብደቱ ቀነሰ ትያለሽ» አለችኝ አንቲ። «ሁለታችሁም የምታወሩት ስለ አንድ ልጅ ነው። አንድ ጊዜ ከሳቅሽባት ግን ሁለተኛ አትነግርሽም።» እሷ ምን ታደርጋለች? ትጠይቃለች። በቅጠል ውሃ ማጠቡን ለሐኪም ነግራ፣ የማይጎዳ ከሆነ ትተወዋለች። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ የሚጠጣ ነገር መስጠቱን ግን በግልጽ ትቃወማለች። የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይታ ትደራደራለች። አሜሪካዊው ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን ታማሚን ጠይቁ ብሎ ከዘረዘራቸው ጥያቄዎች አንዱ «ችግሩን ምን ብላችሁ ትጠሩታላችሁ?» የሚል ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ለፈተና የሸመደድኩትን አንቲ በየቀኑ ትኖረዋለች።

አያትየው በር ላይ ተቀበሉን። መጀመሪያ ውሃ ሰጡን፤ ከዚያ «ምን አመጣችሁ?» ብለው ጠየቁ። እንግዳ ውሃ ሳይጠጣ ስለ ጉዳይ አይወራም። አንቲ ፖስተር አላመጣችም። «እርስዎ ስንት ልጅ አሳደጉ?» አለቻቸው። ሰባት። ቀጥላ ለልጁ እንደሚሠሩለት አድርገው ኮኮ እንዲያሳዩን ለመነቻቸው። ደስ አላቸው። ሲጨርሱ አንቲ ማንኪያውን አነሳችና አዘነበለችው። ኮኮው እንደ ውሃ ፈሰሰ። ምንም አላለችም። አያትየው ራሳቸው አዩት።

ግቢው ሙሉ ዓሣ ነው። ትሪው ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር። «ልጁ ዓሣ ይበላል?» አልኩ፤ አሁን እሳቸውን እያየሁ። «አጥንቱ ያንቀዋል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር የለም። አንድ ልጅ በአጥንት ሲታነቅ ያየ ሰው አይረሳውም። አንቲ «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለቻቸው። አያትየው አሰቡ። ተነስተው ከቅርጫቱ የደረቁ ትንንሽ ዓሣዎች አፈሱ፤ ጭንቅላቱን ቀንጥሰው አሳንካ ውስጥ፣ ውስጡ ሸካራ የሆነ የሸክላ መፍጫ ነው፣ እስኪልም ፈጩት። በጣታቸው አሻሹና አጥንት ፈለጉ። የለም። ሌላ ኮኮ ወፈር አድርገው ሠሩና ዱቄቱን ጨመሩበት፤ አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ልውስም።

ጋና ከ1987 ጀምሮ ዌኒሚክስ የሚባል ድብልቅ ስታስተምር ኖራለች፤ በቆሎ፣ ላም አተር የሚባለው ጥራጥሬ ወይም አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ። አንቲ ይህን ለብዙ ሺህ እናቶች አስተምራለች። ዛሬ ግን ስሙንም አላነሳችም። «አያትየው ራሳቸው አገኙት» አለችኝ ስንወጣ። «ነገ ለጎረቤት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው።»

ቅዳሜ

ከመሄዴ በፊት ልጁን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። እናትየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። አልጋው ግርጌ የተንጠለጠለውን ካርድ አሳየችን። ረቡዕ 8.6 ኪሎ። ዛሬ 8.1። መስመሩ ወደ ታች ወርዷል። ቤተሰቡ «ሆስፒታሉ ልጁን እየጨረሰው ነው፤ አውጪው» ብሏታል። ዕቃዋን ሸክፋለች።

የሥነ ምግብ ባለሙያ ይህ መልካም ዜና እንደሆነ ያውቃል። እብጠት ያለበት ልጅ መጀመሪያ ኤፍ 75 የሚባለውን ቀለል ያለ ወተት ይሰጠዋል። ውሃው ከሰውነቱ ሲወጣ ክብደቱ ይቀንሳል። ሥጋ መሥራት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ግን ቀድሞ የነገራት የለም። «ይቀንሳል» ብሎ አስቀድሞ መንገር አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ያችን ደቂቃ በማጣት ስንት ልጅ ሳይድን ከሆስፒታል ወጥቶ ይሆን?

አንቲ «አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ከጎኗ ተቀመጥኩ። በቀኝ እጄ የልጁን እግር ነካሁ። አጭር አጭር አድርጌ ተናገርኩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ትርጉም። ዓይኔን ከእሷ አልነቀልኩም። እግሩን ጫን አድርጋ እንድታይ ነገርኳት። ጫነችው። ሦስት ቆጠርን። ጉድጓዱ አልቀረም።

ደግማ ጫነችው።

«የገባሽን ለእናትሽ እንዴት አድርገሽ ትነግሪያቸዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። ዝምታው አልረዘመብኝም። ከዚያ በጋ ተናገረች፤ ነርሷ ተረጎመችልኝ። «እንደ ዓሣው ነው። ምድጃ ላይ ስታወጪው መጀመሪያ ውሃው ይወርዳል። የወረደው ውሃው ነው። ልጄ አይደለም።»

ልጁ ጽዋው ሲመጣ ራሱን ቀና አደረገ። የሸከፈችውን ዕቃ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አልጋው ሥር መለሰችው።

ልወጣ ስል ጠራችኝ። ጥያቄ አላት። «በእናንተ ቋንቋ ይህ በሽታ ምን ይባላል?»

አስተርጓሚዋን አየኋት፤ መልሼ እናትየዋን። «የእናንተን ቃል ነው የምንጠቀመው» አልኳት። ነርሷ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ተረጎመች።

እናትየው ጀርባዋ ላይ ያለውን ጨቅላ በጨርቁ ጠበቅ አደረገች። ቀስ ብላም እንዲህ አለች፦ «እንግዲያው እናንተም አገር ታናሽ ይወለዳል።»